የአሳማ ዘር መስመሮችን ዕድገት በሒሳብ ቀመር ማነጻጸር፦ ከሚዛን እስከ ኩርባ

በተደጋጋሚ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «የሁለት ዘር መስመር አሳማዎችን ስመዝን ቆይቻለሁ። የዕድገት ኩርባ ላወጣላቸው እፈልጋለሁ፤ የትኛውን ቀመር ልጠቀም?» ጥያቄው ከቀመር ይጀምራል፤ ችግሩ ግን ብዙውን ጊዜ ያለው ከቀመሩ በፊትና በኋላ ነው። በፊት፣ አሳማዎቹ በምን መንገድ ተመርጠው እንዴት እንደተመዘኑ። በኋላ፣ ከወጣው ቁጥር የትኛው ሊታመን እንደሚችል። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመሪያው አንሥቼ በየደረጃው አስቀምጫለሁ። ለእያንዳንዱ ደረጃ ምክንያቱን የጻፍኩት፣ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው መመሪያው ያልጠቀሰው ችግር ሲገጥመው ራሱ መላ ስለሚያገኝለት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አሳማው ቆሞ የሚመዘንበት፣ ጎንና ጎኑ የታጠረ ሚዛን። የጥቂት ሰከንዶችን አማካይ የሚሰጥ ዲጂታል ሚዛን ከሆነ ይመረጣል።
- ክብደታቸው የተረጋገጠ የመፈተሻ ክብደቶች፤ ቢያንስ አንድ ቀላልና አንድ ከባድ።
- የማይወልቅ የጆሮ መለያ ቁጥር ለእያንዳንዱ አሳማ።
- የትውልድ ቀን፣ የእናትና የአባት መለያ የተጻፈበት መዝገብ።
- አሳማ ለመንዳት የሚያገለግል ሰሌዳ።
- ኮምፒውተር። ለመነሻ ሥራ ኤክሴልና በውስጡ ያለው ሶልቨር (ቁጥሮችን እየቀያየረ የተሻለውን መልስ የሚፈልግ መሣሪያ) ይበቃል። ከደረጃ 10 ጀምሮ ላለው ግን አር (R) ወይም መሰል የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ያስፈልጋል።

የምንጠቀምበት ቀመርና ምልክቶቹ

ለአሳማ በብዛት የሚያገለግለው የጎምፐርዝ ቀመር ነው። ብዙ መልክ አለው፤ ለንባብ የሚቀለው ይህ ነው፦

ክ = ሙ × ኤክስፕ(−ኤክስፕ(−ፍ × (ዕ − ማ)))

ክ በኪሎ ግራም የተለካ ክብደት፣ ዕ በቀን የተቆጠረ ዕድሜ ነው። ሙ አሳማው ሙሉ በሙሉ ሲጎለምስ የሚደርስበት ክብደት ነው። ፍ ወደዚያ ክብደት የሚጠጋበት ፍጥነት ሲሆን፣ ማ ደግሞ የቀን ጭማሪው ጣሪያ የሚነካበት ዕድሜ ነው። ኤክስፕ ማለት 2.718 በቅንፉ ውስጥ ባለው ቁጥር ልክ ወደ ኃይል ሲነሣ ነው። ከዚህ በታች ሎግ ስል ተፈጥሯዊውን ሎጋሪዝም ማለቴ ነው።

ከዚሁ ቀመር ሦስት ጠቃሚ ቁጥሮች ይገኛሉ፦

- የቀን ጭማሪ = ፍ × ክ × ሎግ(ሙ ÷ ክ)
- ከፍተኛው የቀን ጭማሪ = ፍ × ሙ ÷ 2.718
- አንድ ክብደት ላይ የሚደረስበት ዕድሜ = ማ − ሎግ(ሎግ(ሙ ÷ ክ)) ÷ ፍ

እነዚህን ሦስቱን ይያዟቸው፤ መጨረሻ ላይ መስመሮቹን የምናነጻጽረው በእነሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄዎን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ

«የትኛው መስመር 110 ኪሎ ላይ ቀድሞ ይደርሳል?» እና «የትኛው መስመር ሲጎለምስ ይከብዳል?» በጣም የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ለመመለስ እስከ 120 ኪሎ ገደማ መመዘን ይበቃል። ሁለተኛውን ለመመለስ ለእርባታ የሚቀሩ እንስሳትን ለረጅም ጊዜ መመዘን ይጠይቃል። ጥያቄው ስለ ሥጋና ስብ ከሆነ ደግሞ የክብደት ኩርባ ብቻውን አይመልሰውም። ሥጋው የበዛ ፒዬትሬንና ስቡ የበዛ ሜይሻን የሚባሉት የአሳማ ዘሮች አንድ ዓይነት ክብደት ላይ ሲደርሱ በውስጣቸው የያዙት ፈጽሞ የተለያየ ስለሆነ፣ ቢያንስ የጀርባ ስብ ውፍረት በአልትራሳውንድ መለካት አለበት። ዐረፍተ ነገሩን አስቀድመው ካልጻፉት፣ ምን ያህል ጊዜ መመዘን እንዳለብዎ የሚያውቁት አሳማዎቹ ከተሸጡ በኋላ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ አሳማዎቹን ይምረጡ

እዚህ ላይ የተበላሸ ሥራ በየትኛውም ቀመር አይስተካከልም።

ከእያንዳንዱ መስመር ብዙ አባቶች፣ ከእያንዳንዱ አባት ብዙ እናቶች፣ ከእያንዳንዷ እናት ጥቂት ግልገሎች ይውሰዱ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ከአንድ አባት የተገኙ 60 ግልገሎች ስለዚያ አባት ብዙ ይናገራሉ፤ ስለ መስመሩ ግን የሚናገሩት ከአንድ ናሙና ያልበለጠ ነው። የዱሮክን መስመር ከላርጅ ዋይት ጋር አነጻጽራለሁ ብለው ከየመስመሩ ሁለት ሁለት አባት ብቻ ከያዙ፣ ያገኙት ልዩነት የአራት እንስሳት ልዩነት ነው። በእኔ ግምት ከየመስመሩ 8 አባቶች ካልተገኙ «መስመሩ እንዲህ ነው» ብሎ መደምደም አያስተማምንም፤ ቢበዙ ደግሞ ይሻላል። የግልገል ቁጥር ከመጨመር ይልቅ የአባት ቁጥር መጨመር ይበልጥ ይጠቅማል።

ጾታውንም ይለዩ። ያልተኮላሹ ወንዶች፣ የተኮላሹ ወንዶችና ሴቶች የየራሳቸው ኩርባ አላቸው። የተኮላሹት ብዙ ይበላሉ፣ ስብም ቶሎ ይሰበስባሉ። በአንዱ መስመር የተኮላሹት ከበዙ፣ በሌላው ሴቶች ከበዙ፣ የሚያዩት የጾታን ልዩነት ሆኖ ሳለ የዘር ይመስልዎታል።

ደረጃ 3፦ አኗኗራቸውን እኩል ያድርጉ

ሁለቱም መስመሮች በአንድ ወቅት የተወለዱ፣ በአንድ ቤት የሚያድሩ፣ አንድ ዓይነት መኖ የሚበሉ መሆን አለባቸው። መኖውም ሳይመጠን፣ እንዳሻቸው ሊቀርብላቸው ይገባል። የጎምፐርዝ ቀመር የሚገልጸው እንስሳው በተፈጥሮው ሊያድግ የሚችለውን ያህል ሲያድግ ነው። መኖው ከተመጠነ ወይም ፕሮቲኑ ካነሰ፣ ኩርባው የመኖውን መጠን እንጂ የዘሩን አቅም አያሳይም። በተለይ ሥጋቸው ቶሎ የሚገነባ መስመሮች የሚፈልጉት የላይሲን (ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ) መጠን ከፍ ያለ ነው። ለዝግተኛው መስመር የሚበቃ መኖ ለሁለቱም ከቀረበ፣ የፈጣኑ መስመር ብልጫ ሳይታይ ይቀራል።

መስመሮቹን በየጋጣው ይቀላቅሏቸው፤ ካልሆነም ጋጣዎቹን በዕጣ ይመድቡ። አንዱ መስመር በሙሉ ነፋሻ በሆነው የቤቱ ክፍል ከተቀመጠ፣ የክፍሉንና የዘሩን ውጤት መለየት አይቻልም።

ደረጃ 4፦ ይመዝኑ

ሲወለዱ፣ ጡት ሲጥሉ፣ ከዚያም በየሁለት ሳምንቱ ይመዝኑ። የቀን ጭማሪው ጣሪያ በሚነካበት አካባቢ ያሉት ሚዛኖች (ማለትም በየጊዜው የሚመዘኑት ክብደቶች) በተለይ አይለፉዎ። የኩርባው ቅርጽ የሚወሰነው እዚያ ነውና።

ሚዛኑን በየመዘኑበት ቀን በመፈተሻ ክብደቶቹ ይፈትሹ፤ በቀላሉ ብቻ ሳይሆን በከባዱም ጭምር። በ20 ኪሎ ላይ ልክ የሆነ ሚዛን በ100 ኪሎ ላይ ሊሳሳት ይችላል፤ ይህ ዓይነቱ ስህተት ደግሞ ሁሉንም ከባድ አሳማዎች ወደ አንድ ወገን ስለሚያዛባ ኩርባውን በቀጥታ ያጎብጠዋል።

አሳማው ወደ ሚዛኑ ሲገባ ወዲያው ቁጥር አይጻፉ። የፊት እግሮቹን ከሚዛኑ ጠርዝ ላይ አድርጎ ወደ ውጭ ሲያሸት፣ ቁጥሩ ሦስትና አራት ኪሎ እየወጣ እየወረደ ይዋልላል። አራቱም እግሮቹ ወለሉ ላይ አርፈው ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቁ። ጥቂት አሳማዎች ካለፉ በኋላ ወለሉን ይጥረጉና ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ፋንድያና ጭቃ እየተጠራቀመ ሲሄድ መጨረሻ የተመዘኑት ከመጀመሪያዎቹ የከበዱ ይመስላሉ፤ አንደኛው መስመር ሁልጊዜ መጨረሻ የሚመዘን ከሆነ ደግሞ ስህተቱ የዘር ልዩነት መስሎ ይመጣል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉንም በየጊዜው ይቀያይሩ።

ሰዓቱ አንድ ይሁን። ከበላ በኋላ የተመዘነ አሳማ ሆዱ ውስጥ ያለውን መኖና ውኃ ጭምር ይመዝናል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚጨምረው ክብደት ከ15 ኪሎ ብዙም ስለማይበልጥ፣ የሁለት ኪሎ የሆድ ልዩነት የጭማሪውን ስሌት ለማዛባት ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፒዬትሬንና ከእሱ ጋር የተዳቀሉ መስመሮች የሃሎቴን ጂን የሚባለውን ሊይዙ ይችላሉ። ይህን ጂን ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ አሳማ ሲዋከብ ወይም ሲሞቀው ጡንቻው ይደርቃል፣ ሙቀቱ በፍጥነት ይጨምራል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ሊሞት ይችላል። በማለዳ ይመዝኑ፤ በሰሌዳ ቀስ ብለው ይንዱ እንጂ አይምቱ። አሳማው አፉን ከፍቶ ማለክለክ ከጀመረ፣ ቆዳው ከቀላና ከተንቀጠቀጠ ወዲያው ይተዉት፤ ጥላ ሥር ይረፍ፣ ውኃም ይረጭበት። የዕለቱ ቁጥር ቢቀር ምንም አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከ100 ኪሎ በላይ የሆነ አሳማ ሰውን ከግድግዳ ጋር ሊያጣብቅ ይችላል። በአሳማውና በግድግዳው መካከል አይቁሙ፤ ብቻዎንም አይመዝኑ። ሚዛኑን ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ከማዛወርዎ በፊት አጥበው በፀረ ተዋሲያን ያጽዱት፤ በሽታ ከቤት ወደ ቤት የሚሻገርበት አንዱ መንገድ ነው።

ደረጃ 5፦ መዝገቡን ያደራጁ

አንድ ረድፍ፣ አንድ ሚዛን። ዓምዶቹ፦ የአሳማው መለያ፣ መስመር፣ አባት፣ እናት፣ ጾታ፣ ጋጣ፣ የትውልድ ቀን፣ የተመዘነበት ቀን፣ ዕድሜ በቀን፣ ክብደት፣ ማስታወሻ። ለእያንዳንዱ አሳማ አንድ ረድፍ አድርጎ ክብደቶቹን ወደ ጎን መደርደር ለዓይን ቢመችም ለስሌት አይመችም።

ዕድሜውን ከትውልድ ቀኑ አስልተው ያስገቡ። «10 ሳምንት ገደማ» የሚል መዝገብ በሦስትና በአራት ቀን ሊሳሳት ይችላል፤ በቀን 900 ግራም ለሚጨምር እንስሳ ይህ የሦስት ኪሎ ስህተት ነው። ማስታወሻው ላይ ሕመም፣ ሕክምና፣ የጅራት ንክሻ፣ የመኖ ለውጥ ይመዝገብ።

ደረጃ 6፦ ከማስላትዎ በፊት ግራፉን ይሳሉ

ለእያንዳንዱ አሳማ ክብደቱን በዕድሜው ላይ አስቀምጠው መስመር ያገናኙ። ክብደቱ በሁለት ሚዛን መካከል የቀነሰ አሳማ ካለ መዝገቡን ይመልከቱ። ወይ ታሟል፣ ወይ የጆሮ ቁጥሩ ከሌላ ጋር ተቀያይሯል፣ ወይ ቁጥሩ ሲጻፍ ተሳስቷል። የተቀያየረ ቁጥር በቀላሉ ይታወቃል፦ አንዱ በድንገት በወረደበት ቀን ሌላው በድንገት ይወጣል።

ምክንያቱ የታወቀ ስህተት ይታረማል ወይም ይወጣል። ምክንያቱ ያልታወቀ ቁጥር ግን «ኩርባው ላይ ስላላረፈ» ብቻ መሰረዝ የለበትም፤ እንዲያ ካደረጉ ቀመሩን በመረጃው ሳይሆን መረጃውን በቀመሩ እያረሙ ነው።

ደረጃ 7፦ ቀመሩን ይምረጡ

ዋናው ልዩነት የቀን ጭማሪው ጣሪያ የሚነካበት ቦታ ነው። በሎጂስቲክ ቀመር ይህ የሚሆነው የጎልማሳው ክብደት ግማሽ ላይ ነው። በጎምፐርዝ 36.8 በመቶ ላይ፣ በቮን በርታላንፊ ደግሞ 29.6 በመቶ ላይ ነው። በሦስቱም ቦታው አስቀድሞ የተወሰነ ስለሆነ መረጃው ሊቀይረው አይችልም። የሪቻርድስ ቀመር አንድ ተጨማሪ ፓራሜትር (እንደ ሙ፣ ፍና ማ ያለ ከመረጃው የሚገመት የቀመሩ ቁጥር) አለውና ቦታውን ከመረጃው ይፈልጋል፤ ነገር ግን እስከ ጉልምስና ያልተመዘኑ አሳማዎች ላይ ሲሞከር ብዙ ጊዜ መልስ ላይ አይረጋም።

በጎምፐርዝ ይጀምሩ፤ ጥሩ ምክንያት ካላገኙ በእሱ ይጨርሱ። ለሁሉም መስመሮች አንድ ዓይነት ቀመር መጠቀም ግዴታ ነው። አንዱን በሎጂስቲክ፣ ሌላውን በጎምፐርዝ ካሰሉ የፓራሜትሮቹ ትርጉም ስለሚለያይ ማነጻጸር አይቻልም።

ጥያቄዎ ስለ ማድለቢያው ጊዜ ከሆነ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ካለው ይጀምሩ፤ ከዚያ በታች ያለውን ይተዉት። ግልገሉ ጡት እስኪጥል ያለው ዕድገት የእናቱን ወተት ያህል ነው፤ ጡት ሲጥልም ለጥቂት ቀናት ቆም ይላል። ለስላሳ ኩርባ ይህን መቆም ሊከተል አይችልም፤ ልከተል ሲል ሌላው ክፍል ይዛባል።

ደረጃ 8፦ የመነሻ ግምት ያውጡ

ፕሮግራሙ ሙን፣ ፍንና ማን የሚፈልገው እርስዎ ከሰጡት ቁጥር ተነሥቶ እያሻሻለ ነው። መነሻው ከእውነታው ከራቀ ወይ ይቆማል፣ ወይ የተሳሳተ መልስ ላይ ያርፋል። «ፕሮግራሙ አልሠራልኝም» የሚሉኝ ሰዎች ችግር ባብዛኛው ይህ ነው። በእጅ የሚወጣ ጥሩ ግምት አለ።

ለማሳያ ያህል አንድ አሳማ በ70፣ በ98፣ በ126 እና በ154 ቀኑ 25፣ 46፣ 72 እና 99 ኪሎ መዘነ እንበል።

ሀ) ለእያንዳንዱ የጊዜ ክፍል የሎግ ክብደቶቹን ልዩነት ለቀናቱ ብዛት (28) ያካፍሉ። የሚወጣው 0.0218፣ 0.0160 እና 0.0114 ነው። ይህ አሳማው በያዘው ክብደት ልክ በየቀኑ የሚጨምርበት ድርሻ ነው፤ እየከበደ ሲሄድ ይቀንሳል።

ለ) ለእያንዳንዱ ክፍል የሎግ ክብደቶቹን አማካይ ይውሰዱ፦ 3.524፣ 4.053፣ 4.436።

ሐ) በጎምፐርዝ ቀመር እነዚህ ሁለቱ የሚያያዙት በቀጥታ መስመር ነው፤ የመስመሩ ቁልቁለት ራሱ ፍ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፦ (0.0218 − 0.0114) ÷ (4.436 − 3.524) = 0.0114።

መ) መስመሩ ዜሮን የሚነካበት ቦታ የሙ ሎግ ነው፦ 4.436 + 0.0114 ÷ 0.0114 = 5.43 ገደማ። ስለዚህ ሙ ወደ 229 ኪሎ ነው።

ሠ) ማን ከመጨረሻው ሚዛን ያግኙ፦ 154 + ሎግ(ሎግ(229 ÷ 99)) ÷ 0.0114 = 139 ቀን ገደማ።

የመጨረሻው የጊዜ ክፍል ድርሻ (0.0114) ከፍ ጋር እኩል የሆነው በአጋጣሚ ነው፤ ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። ይህ ስሌት መነሻ እንጂ መልስ አይደለም፤ ጥቅሙ ፕሮግራሙን ከመልሱ አጠገብ ማድረስ ነው።

ደረጃ 9፦ ቀመሩን ከመረጃው ጋር ያጣጥሙ

በኤክሴል፦ ሦስቱን ግምቶች በሦስት ሕዋሶች ይጻፉ። ከክብደቱ ዓምድ አጠገብ በቀመሩ የተገመተውን ክብደት ያስሉ፤ ቀጥሎ የሁለቱን ሎጎች ልዩነት ስኩዌር አድርገው ሁሉንም ይደምሩ። ከዚያ ሶልቨር ሦስቱን ሕዋሶች እየቀያየረ ድምሩን እንዲያሳንስ ያዙት።

የሎጎቹን ልዩነት መጠቀም ምክንያት አለው። ባለ 25 ኪሎ አሳማዎች እርስ በርሳቸው በሁለትና በሦስት ኪሎ ይለያያሉ፤ ባለ 100 ኪሎዎቹ ግን በአሥርና ከዚያ በላይ። በቀጥታ ኪሎ ከተሰላ ድምሩን የሚቆጣጠሩት ከባዶቹ ይሆናሉ፤ የኩርባው መጀመሪያም ይዘነጋል። ሎግ ሲወሰድ ልዩነቱ በመቶኛ ስለሚሆን ሁሉም ዕድሜ ተመጣጣኝ ድምፅ ያገኛል።

ሌላ ማስተካከያ፦ ሙ በመቶዎች፣ ፍ በመቶኛ ክፍልፋይ ስለሚቆጠሩ ሶልቨር ፍን ሊነካው እንኳ ላይፈልግ ይችላል። በሕዋሱ ውስጥ ፍን በ1000 አባዝተው 11.4 ብለው ይጻፉና በቀመሩ ውስጥ መልሰው ለ1000 ያካፍሉት።

በአር፦ በአንዳንድ ተዘጋጅተው በሚገኙ የጎምፐርዝ ተግባሮች ውስጥ ፍ በሌላ መልክ ይወጣል። 0.988 የመሰለ ቁጥር ካዩ ያ ኤክስፕ(−ፍ) ነው። ፍ = −ሎግ(0.988) = 0.0121 ብለው ይመልሱት። ይህን ሳያስተውሉ የሁለት ሰዎችን ውጤት ማወዳደር በብዛት የሚታይ ስህተት ነው።

ደረጃ 10፦ የእያንዳንዱን አሳማ ማንነት ያስገቡ

አንድ አሳማ አሥር ጊዜ ሲመዘን አሥር አሳማ አይሆንም። ዛሬ ከአማካዩ የከበደ አሳማ በሁለት ሳምንቱም ከባድ ነው። ሁሉንም ሚዛን እንደ ነጻ መረጃ ከቆጠሩ፣ ፕሮግራሙ እርግጠኛ ሊሆንበት ከሚገባው በላይ እርግጠኛ ሆኖ የሌለ ልዩነት «አለ» ይላል።

መፍትሔው ቅይጥ ሞዴል ነው። በእሱ ውስጥ የመስመሩና የጾታው ፓራሜትሮች የጋራ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ አሳማ ደግሞ ከመስመሩ አማካይ ዝቅ ወይም ከፍ የሚልበት የራሱ ድርሻ ይኖረዋል። በአር ውስጥ ኤንኤልኤምኢ (nlme) የሚባለው ጥቅል ይህን ይሠራል። መጀመሪያ ልዩነቱን በሙ ላይ ብቻ ይፍቀዱ፤ ከተረጋ በኋላ በማ ላይ ይጨምሩ። በሦስቱም ላይ በአንድ ጊዜ ከከፈቱት አብዛኛውን ጊዜ አይረጋም። አባትንና እናትንም በተመሳሳይ መንገድ ያስገቡ፤ ለዚህ ነበር በደረጃ 5 ላይ ዓምድ የተያዘላቸው።

ደረጃ 11፦ መስመሮቹን ያነጻጽሩ

ልብ ብለው ያንብቡ፤ ከጠቅላላው ሥራ በጣም የሚሳሳቱበት ቦታ ይህ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ሞዴል ያስሉ፦ አንዱ ለሁሉም መስመር አንድ ኩርባ የሚሰጥ፣ ሌላው ለእያንዳንዱ መስመር የራሱን የሚሰጥ። ሁለቱን በኤአይሲ (AIC፦ ሞዴሉ ከመረጃው ጋር መጣጣሙን ከፓራሜትሮቹ ብዛት ጋር የሚያመዛዝን መለኪያ) ያወዳድሩ፤ ያነሰው ይመረጣል። የተለያዩ ኩርባዎች ካስፈለጉ ልዩነቱ የት እንዳለ ወደ መፈለግ ይሂዱ።

አሁን ብዙ ሰው የሚያደርገው ሙን ከሙ ጋር ማወዳደር ነው። ይህ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማሳየት ሁለት መስመሮችን በቁጥር አዘጋጅቻለሁ። መስመር ሀ፦ ሙ 220፣ ፍ 0.0120፣ ማ 135። መስመር ለ፦ ሙ 260፣ ፍ 0.0105፣ ማ 152። በጎልማሳ ክብደት የ40 ኪሎ ልዩነት አላቸው። ወደ ቀመሩ ሲገቡ ግን የሚከተለው ይወጣል፦

| ዕድሜ በቀን | መስመር ሀ በኪሎ | መስመር ለ በኪሎ |
|---|---|---|
| 70 | 24.8 | 24.4 |
| 120 | 66.4 | 64.2 |
| 165 | 109.5 | 108.7 |
| 200 | 139.1 | 142.1 |

እስከ 165 ቀን ድረስ ልዩነታቸው ከሁለት ኪሎ ትንሽ ቢዘል ነው። 110 ኪሎ ላይ የሚደርሱትም አንዱ በ165.5፣ ሌላው በ166.3 ቀን ነው። ይህ የሚሆነው ሙ ሲያድግ ፍ ዝቅ ብሎ ስለሚያካክሰው ነው፤ ሁለቱ ፓራሜትሮች በጥብቅ የተያያዙ ናቸው። መረጃዎ በ110 ኪሎ የሚያበቃ ከሆነ፣ ሙ 220 ይሁን 260 መረጃው ሊለየው አይችልም። ትንሽ የሚዛን ስህተት አንዱን ወደ ሌላው ይወስደዋል።

ስለዚህ ማነጻጸር ያለብዎ በመዘኑበት ክልል ውስጥ ያሉትን ነገሮች ነው፦ በተወሰነ ዕድሜ ያለውን ክብደት፣ በተወሰነ ክብደት ላይ የሚደረስበትን ዕድሜ፣ በተወሰነ ዕድሜ ያለውን የቀን ጭማሪ። ይህ የመጨረሻው በተለይ ይጠቅማል። ከላይ ባሉት መስመሮች በ165 ቀን ክብደቱ እኩል ሊባል ሲቃረብ፣ የቀን ጭማሪው ግን 917 እና 995 ግራም ነው። በ200 ቀን ደግሞ 765 እና 901 ይሆናል። በ110 ኪሎ ለሚሸጥ አርቢ ሁለቱ መስመሮች አንድ ናቸው፤ በ140 ኪሎ ለሚሸጥ ግን መስመር ለ ይሻላል።

የጎልማሳው ክብደት ራሱ የግድ ካስፈለገዎ ከየመስመሩ ለእርባታ የሚቀሩትን እስከ ጉልምስና ይመዝኑ። የእርግዝናና የማጥባት ወቅት ክብደትን ስለሚያወዛውዝ በማስታወሻው ላይ ያስፍሩት።

ለእያንዳንዱ የሚያነጻጽሩት ቁጥር የእርግጠኝነት ወሰኑን አብረው ያውጡ። «መስመር ለ በቀን 78 ግራም ይበልጣል» ብቻውን አይበቃም፤ ወሰኑ ከ10 እስከ 150 ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ ከ60 እስከ 100 ከሆነ ሌላ።

ደረጃ 12፦ ይፈትሹ

ከተመዘነው ክብደት የተገመተው ሲቀነስ የሚቀረውን ልዩነት በዕድሜ ላይ ይሳሉ፤ ለእያንዳንዱ መስመር ለብቻው። ነጥቦቹ ከዜሮ በላይና በታች ያለ ሥርዓት ከተበተኑ ጥሩ ነው። መሐል ላይ ከፍ፣ ጫፍና ጫፍ ላይ ዝቅ ካሉ ቀመሩ ቅርጹን አልያዘም። ይህ በአንደኛው መስመር ላይ ብቻ ከታየ ይበልጥ ያሳስባል። ሁሉም አሳማዎች በአንድ ቀን አብረው ዝቅ ካሉ ደግሞ የቀመር ጉዳይ አይደለም፤ የዚያን ሳምንት ሙቀት፣ መኖና ሚዛን ይመርምሩ።

አር ስኩዌር (ቀመሩ የክብደቱን መለያየት ምን ያህል እንደገለጸ ከ0 እስከ 1 የሚያሳይ ቁጥር) 0.99 ወጣ ብለው አይርኩ። ክብደት ከ25 ወደ 110 ሲያድግ ማንኛውም ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ከፍ ያለ አር ስኩዌር ያገኛል። የተሻለው ፈተና ይህ ነው፦ ከየመስመሩ የጥቂት አባቶችን ልጆች በሙሉ ወደ ጎን ይተዉ፣ በቀሩት ያስሉ፣ ከዚያም ለተዉአቸው ይተንብዩ። ነጠላ ሚዛኖችን ወደ ጎን መተው አይበቃም፤ የዚያው አሳማ ሌሎች ሚዛኖች ሞዴሉ ውስጥ ስላሉ ፈተናው ይቀልለታል።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

*የቀሩትን ብቻ አማካይ መውሰድ።* ከባዶቹ አሳማዎች ቀድመው ለዕርድ ሲሄዱ፣ በኋለኞቹ ቀናት የሚመዘኑት ዝግተኞቹ ብቻ ይሆናሉ። አማካዩ ያለ ዕድሜው ይጎብጣል፤ ሙም አንሶ ይወጣል። ፈጣኑ መስመር ቶሎ ስለሚወጣ ይበልጥ የሚጎዳው እሱ ነው፤ ደካማ መስሎ የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የየአሳማውን ሙሉ መዝገብ ወደ ቅይጥ ሞዴል ካስገቡ፣ የወጡት አሳማዎች እስከ ወጡበት ቀን ያላቸው መረጃ ስለሚቆጠር ችግሩ በእጅጉ ይቀንሳል።

*የአማካዩን ኩርባ የአሳማ ኩርባ አድርጎ ማየት።* አሳማዎች ጣሪያቸውን የሚነኩት በተለያየ ቀን ነው። ሲደመሩ ጣሪያው ዝቅ ብሎ ይሰፋል፤ አማካዩ እንደ አንዳቸውም አይሆንም።

*ከሕመም ያገገመን አሳማ እንደ ጤነኛ መቁጠር።* ካገገመ በኋላ የሚያሳየው ፈጣን ጭማሪ ወደ ኋላ የቀረበትን ለማካካስ ነው። ማስታወሻው ካለ ከእሱ ጋርም ከእሱ ውጭም አስልተው ልዩነቱን ይመልከቱ።

*የጋጣ ድምር ክብደትን ለብዛቱ ማካፈል።* አማካዩ ይገኛል፤ በአሳማዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን ይጠፋል፤ ከደረጃ 10 ጀምሮ ያለውን መሥራት አይቻልም።

*ከተመዘነበት ክልል ውጭ መተንበይ።* በ110 ኪሎ ያበቃ መረጃ ይዞ ስለ 160 ኪሎ የመኖ ዕቅድ ማውጣት አደገኛ ነው። የግድ ከሆነ፣ ሙን ዝቅም ከፍም አድርገው ሁለት ጊዜ ያስሉና ዕቅዱ ምን ያህል እንደሚቀያየር ይዩ፤ ብዙ ከተቀያየረ ጥቂት አሳማዎችን እስከዚያ ክብደት ይመዝኑ።